በደጅ የሚጀምር አመክሮ፦ አዲስ መናንያን በቤኔዲክቶስ ሥርዓት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አንድ ሰው «ዓለምን ንቄአለሁና ልመንኩስ» ብሎ ቢመጣ ገዳሙ ወዲያው ሊቀበለው ይገባልን? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ529 ዓ.ም. ገደማ በጣሊያን የሞንቴ ካሲኖን ገዳም የመሠረተው አባ ቤኔዲክቶስ፣ በ73 ምዕራፎች ከጻፈው የገዳም ሥርዓት 58ኛውን ለዚህ ጥያቄ መልስ አድርጎታል።

በሥርዓቱ መሠረት መግቢያው ቀላል አይደለም። መጪው አራት ወይም አምስት ቀን ደጅ ይጠናል፤ እንቢታውን በትዕግሥት ከቻለ በእንግዳ ቤት ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደ ጀማሪዎች ማደሪያ ይገባል። በዚያም አንድ አረጋዊ መነኩሴ ይመደብለታል። አረጋዊውም በእውነት እግዚአብሔርን የሚፈልግ መሆኑን፣ ለጸሎት፣ ለመታዘዝና ራስን ዝቅ ለማድረግ መትጋቱን ይመረምራል። የመንገዱም ጭንቅ አይሸሸገውም።

አመክሮው አንድ ዓመት ነው። በሁለት ወር፣ ከዚያ በስድስት ወር፣ በመጨረሻም በአራት ወር ሥርዓቱ በሙሉ ይነበብለታል፤ የማይችለው ከሆነ በነጻነት መሄድ ይችላል። ከጸና ግን በገዳሙ ለመኖር፣ አኗኗሩን ለመለወጥና ለመታዘዝ ቃል ይገባል፤ ቃሉንም በእጁ ጽፎ በመንበሩ ላይ ያኖራል። ንብረቱን አስቀድሞ ለድሆች ወይም ለገዳሙ ይሰጣል። አሮጌ ልብሱ ግን ተጠብቆ ይቀመጣል፤ ምናልባት አንድ ቀን ቢወጣ እርሱን ለብሶ ይሄዳልና። የጻፈው ቃል ግን አይመለስለትም።

ቤኔዲክታውያን ዛሬ በሮም ካቶሊክ ሥር ያሉ በመሆናቸው በሃይማኖት እንለያያለን። የዚህ ጥበብ ምንጭ ግን የግብፅ በረሃ ነው። ከቤኔዲክቶስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የአባ ጳኩሚስ ሥርዓት መጪውን በደጅ ያቆይ፣ ጸሎትና መዝሙር ያስተምር፣ ይመረምርም ነበር። ይኸው ሥርዓት ወደ ግዕዝም ተተርጉሟል፤ በገዳሞቻችንም ረድእ ሆኖ ማገልገልና አመክሮ ከቆብ ይቀድማሉ።

እንግዲህ በኀዘን ወይም በቁጣ ተነሥቶ ወደ ገዳም የሚሮጥ ወጣት ቢዘገይበት አይከፋ። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ወጪውን እንዲያስብ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። አመክሮ ማሰቢያ ጊዜ ነው፤ ቃል ከመግባት በፊት መመለስ ነውር አይደለም፤ ቃል ገብቶ ማፍረስ ግን ነፍስን ይጎዳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።