ግማሽ ኪሎ ሥጋ ለመላው ቤተሰብ፦ በአንድ ድስት የሚሠራ መኮሮኒ በሥጋ

በዛሬው የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን አብረን ወደ ማድቤት እንገባለን። የምናነሣው ምግብ ለዓይን እንግዳ አይደለም። መኮሮኒ በሥጋ ነው። አሠራሩ ግን በአንድ ድስት ብቻ ነው። ይህን ምግብ የመረጥንበት ምክንያት ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን አንድ የቆየ ጥያቄ ለመመለስ ስለሚያግዘን ጭምር ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ወደ ቤት ሲገባ ለማን ይደርሳል?

በብዙ ቤቶች መልሱ የታወቀ ነው። ወጡ ሲቀርብ ጉልህ ጉልህ የሆነው ሥጋ በአባወራውና በእንግዳው ፊት ይወጣል። ትልልቆቹ ልጆች ተሻምተው ይወስዳሉ። እናት መረቁን ታጠቅሳለች። ገና ማኘክ ያልቻለው ሕፃን ደግሞ በመረቅ የራሰ እንጀራ ይጎርሳል። ይህ በክፋት የሚደረግ ሳይሆን በልማድ የመጣ ነው። ሆኖም ሥጋ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው እነዚሁ ሁለቱ፣ ማለትም እናትና ሕፃን ናቸው።

ደም ማነስና ማዕዳችን

እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት 57 በመቶ የሚሆኑት ደም ማነስ ነበረባቸው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ደግሞ 24 በመቶ ነበር። ከአራት ሴቶች አንዷ፣ ከሁለት ሕፃናት ደግሞ ከአንድ በላይ ማለት ነው።

ደም ማነስ ብዙ መነሻ አለው። ወባ፣ የአንጀት ትላትል፣ በወር አበባና በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ብዙ ደም ተጠቃሾች ናቸው። ከምግብ በኩል ግን ዋናው ምክንያት አይረን የሚባለው የብረት ማዕድን ማነስ ነው። ሰውነታችን የደሙን ቀይ ሕዋስ የሚሠራው በዚህ ማዕድን ነው። ሲጎድል ድካም ይመጣል፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፤ የዓይን ውስጠኛው ቆዳና መዳፍ ይገረጣል። አንዳንድ ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት አፈር ብሉ ብሉ የሚላቸውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው።

በእኛ በጌዴኦ ምድር ቆጮና ጎመን የዘወትር ምግባችን ነው። እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፎች ሥር ተስማምተው የሚበቅሉበት ይህ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ይታወሳል። ቆጮ ጥሩ ኃይል ሰጪ ምግብ ነው። ይሁን እንጂ ፕሮቲኑ በጣም አነስተኛ በመሆኑ አብሮት የሚበላው ነገር ወሳኝ ነው። በጎመንና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውንም የብረት ማዕድን ሰውነታችን በቀላሉ አይስበውም። በሥጋ ውስጥ ያለው ግን በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል። ከዚህም በላይ ትንሽ ሥጋ ከአትክልት ጋር ሲበላ የአትክልቱን የብረት ማዕድን ሳይቀር እንዲሳብ ያግዛል። ስለዚህ ሥጋ ጥቅም የሚሰጠው በብዛት ሲበላ ብቻ አይደለም። ትንሹም ቢሆን ተከትፎ ከአትክልት ጋር ከተደባለቀና ለሁሉም ከደረሰ ብዙ ይሠራል።

ለምን መኮሮኒ? ለምንስ በአንድ ድስት?

ፓስታና መኮሮኒ ከነስማቸው ከጣልያን የመጡ ናቸው። በተለይ ጣልያን አገራችንን ወርሮ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባሉት ዓመታት በከተሞች ተለመዱ። ወራሪው ሲወጣ ምግቡ ቀረ። ስልስ የምንለው ቃልም ከጣልያንኛው ሳልሳ የመጣ ነው። ዛሬ በድሬዳዋና በጅግጅጋ ባሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ፓስታ በሥጋ የተለመደ ማዕድ ሆኗል። በእኛም አካባቢ መኮሮኒ የማይገኝበት ሱቅ የለም።

ብዙዎቻችን መኮሮኒውን ለብቻው ቀቅለን ውሃውን እንደፋለን። ስልሱን ደግሞ በሌላ ድስት እንሠራለን። በዚህ መንገድ ከመኮሮኒው ወደ ውሃው የወጡት የቢ ዘር ቫይታሚኖች አብረው ይደፋሉ። በአንድ ድስት ሲሠራ ግን የሚደፋ ነገር የለም። ማገዶውም ሆነ ከሰሉ ይቆጠባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥጋው በትንንሹ ተከትፎ በድስቱ ሙሉ ስለሚሠራጭ፣ ጭልፋው በወጣ ቁጥር ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻው አብሮ ይወጣል። መምረጥና መሻማት አይኖርም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች (ለ6 ሰው)

- ግማሽ ኪሎ አጥንት የሌለው የበሬ ሥጋ (ለጥብስ የሚፈለገው ለስላሳው ሥጋ የግድ አይደለም፤ ወርች ወይም ጎድን ይበቃል)
- ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ
- 3 ትልልቅ ራስ ቀይ ሽንኩርት
- 6 የበሰለ ቲማቲም
- 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል
- 2 ካሮት
- አንድ እፍኝ ጥሩ ሆኖ የታጠበና የተከተፈ ሐበሻ ጎመን
- 3 የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የምግብ ዘይት
- 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ እንደ ፍላጎት ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ
- 1 የሻይ ማንኪያ አዮዲን ያለው ጨው
- 2 ቃሪያና 1 ሎሚ
- በፔርሙስ የተቀመጠ 2 ሊትር ገደማ የፈላ ውሃ

አሠራሩ

1. ሥጋውን ከሽምብራ ጥቂት ተለቅ አድርገው ይክተፉ። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን የምግቡ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ትልልቅ ሆኖ ከተከተፈ ወደ ድሮው ሽሚያ እንመለሳለን።

2. ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በትንሽ ውሃ ያቁላሉ። ሲለሰልስ ዘይቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ይጨምሩ። ሥጋውን ጨምረው ውሃው እስኪመጥና መልኩ እስኪለወጥ ድረስ ያማስሉ።

3. የተከተፈውን ቲማቲም ይጨምሩ። 2 ብርጭቆ የፈላ ውሃ አክለው ድስቱን ይክደኑና እሳቱን መለስ ያድርጉ። ሥጋው እስኪለሰልስ ድረስ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይንተክተክ። በየመሀሉ ከፍተው ያማስሉ፤ ውሃው ካነሰ ትንሽ ይጨምሩ። እንደኛ ከፍ ባለ ቦታ ለምንኖር ሰዎች መቸኮል አይጠቅምም። በ2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሥጋውም መኮሮኒውም ቆላ ካለው ጊዜ በላይ ይወስዳል።

4. ሥጋው ሲበስል የተከተፈውን ካሮትና 5 ብርጭቆ የፈላ ውሃ ይጨምሩ። ውሃው ሲንፈቀፈቅ መኮሮኒውን ያስገቡ። ሥሩ እንዳይዝ በየሁለት ደቂቃው እስከ ታች ድረስ ያማስሉ። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበስላል። መረቁ ቀድሞ ካለቀ ከፔርሙሱ ትንሽ በትንሽ ይጨምሩ እንጂ በአንድ ጊዜ አያፍስሱ።

5. ሊበስል 5 ደቂቃ ሲቀረው ጎመኑን ይጨምሩ።

6. በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት የሕፃኑን ድርሻ ሥጋውን ጨምረው በጭልፋ ያውጡ። ዕድሜው ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን ሥጋውንም መኮሮኒውንም በደንብ አድቅቀው ይስጡ። ሥጋው ካልደቀቀ ሊያንቀው ይችላል፤ መረቁን ብቻ መስጠት ደግሞ ሥጋውን አይተካም።

7. በርበሬውን ቀደም ብለው በትንሽ መረቅ በጥብጠው ይጨምሩና ለጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። ጨውን መጨረሻ ላይ ይጨምሩ፤ አዮዲኑ ብዙ ሲፈላ ይባክናልና። ከእሳት ካወረዱ በኋላ ቃሪያውን ይበትኑበት። ሎሚውን ሲቀርብ ይጭመቁበት። በጥሬ ቃሪያና በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የጎመኑ የብረት ማዕድን በተሻለ እንዲሳብ ይረዳል።

ምግቡ በትሪ ተዘርግቶ በጋራ የሚበላ ከሆነ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ለትንንሽ ልጆች በሳህን ለይቶ ማቅረብ ይመረጣል። ፈጣን እጅ ያለው ብዙ እንዳይወስድ ይከላከላል።

ቡናው መቼ ይጠጣ?

በይርጋጨፌ ቡና አገር ተቀምጦ ቡና አትጠጡ የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም፤ እኛም እንዲህ አንልም። ጥያቄው የሰዓት ጉዳይ ነው። በቡናና በሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች የብረት ማዕድንን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። እ.ኤ.አ በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ከተፈጨ የበሬ ሥጋ ጋር በዳቦ የተበላን ማዕድ መርምሯል። ከማዕዱ ጋር ቡና ሲጠጣ የሚሳበው የብረት ማዕድን 39 በመቶ፣ ሻይ ሲጠጣ ደግሞ 64 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ቡናው ከምግቡ አንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣም ጉዳቱ አልቀነሰም። ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ሲጠጣ ግን ምንም አልጎዳም።

ስለሆነም ራት ሥጋ በሚሆንበት ቀን ቡናው ከዐሱር በኋላ ይፈላ፣ ይጠጣና ይለቅ። ራቱ ከመግሪብ ወይም ከዒሻ በኋላ ሲቀርብ ሆድ ከቡናው ነፃ ይሆናል። በረመዳን ወር ግን ይህ አይቻልም። ያን ጊዜ ካፈጠርንበት ማዕድ ጋር ወዲያው ከምንጠጣ ከተራዊሕ በኋላ ብናደርገው ቢያንስ ጊዜ እንገዛለን። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ከምግብ ጋር ሻይ መስጠት ጨርሶ ቢቀር ይሻላል።

ይኸው ነገር ለእንክብሉም ይሠራል። በነፍሰ ጡርነት ክትትል ወቅት የሚሰጠውን የብረት ማዕድን እንክብል ከቡና፣ ከሻይ ወይም ከወተት ጋር የሚወስዱ እህቶች ብዙ ናቸው። በውሃ ይውሰዱት፤ ከእነዚህ መጠጦችም ቢያንስ በሁለት ሰዓት ያራርቁት። ሰገራን ቢያጠቁር አይደንግጡ፤ የተለመደ ነው። እንክብሉን ግን ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ። ሕፃን ልጅ ከረሜላ መስሎት ብዙ ቢውጥ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል።

መጠንቀቅ ያለብን

ሥጋው በደንብ መብሰሉን ሳያረጋግጡ አያውጡ። በአገራችን የኮሶ ትል የተለመደው ጥሬ የበሬ ሥጋ ስለምንወድ ነው። መድኃኒት ቢኖረውም ዳግመኛ ጥሬ የበላ ሰው ዳግመኛ ይያዛል። ጥሬ ሥጋ የተከተፈበትን ቢላና መክተፊያ ሳያጥቡ ቃሪያ አይክተፉበት።

የደም ግፊት ያለበት ሰው በቤት ካለ ጨዉን ቀንሰው ሎሚውንና ቅመሙን ያበርቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። የሾርባ ኩብ ራሱ በአብዛኛው ጨው ስለሆነ ኩብ ካስገቡ ሌላ ጨው አይጨምሩ። በየሱቁ የሚሸጠው የሚረጋው ዘይትም ሆነ ብዙ ቅቤ ለልብ አይበጅም። የስኳር ሕመምተኛ መኮሮኒውን ቀንሶ ጎመኑን፣ ካሮቱንና ሥጋውን ያብዛ።

ፍሪጅ ከሌለ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ይሥሩ። ካለም የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስገቡና ሲበሉት እስኪንፈቀፈቅ ያሙቁ።

ለዒደል አድሐ የኡድሒያ ሥጋ ድርሻ ለደረሳቸው ቤተሰቦችም ይህ አሠራር ይስማማል። ድርሻው አንድ ኪሎ ቢሆን ለሁለት ቀን ራት ይበቃል። ስቡን ገፈው ቀዩን ይከትፉ። ሥጋ በማይገኝበት ሳምንት ደግሞ በዚያው አሠራር በሥጋው ፋንታ አንድ ብርጭቆ ተኩል ድፍን ምስር አብስለው ይሥሩ። ሎሚውን ግን አይርሱ፤ ለምስሩ ከሥጋው ይበልጥ ያስፈልጋልና።

በመጨረሻም፣ የተመጣጠነ ማዕድ ደም ማነስን ለመከላከል ይረዳል እንጂ ሕክምናን አይተካም። የገረጣ ልጅ፣ በቀላል ሥራ ትንፋሽ የሚያጥራት እናት ወይም አፈር የምትበላ ነፍሰ ጡር ካለች በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟን ትመርመር። መንስኤው ወባ ወይም ትላትል ከሆነ በድስት ብቻ አይድንም።

አባቶች ሆይ! ሥጋውን ገዝቶ ማምጣት ትልቅ ነገር ነው። ለሚስትና ለልጅ መድረሱንም ዓይቶ ማረጋገጥ የዚያው ኃላፊነት ቀሪ ክፍል ነው። ማዕዳችሁን አላህ በረካ ያድርግላችሁ።