ልጆቹ ድነዋል፤ ትምህርቱ ለምን ከበዳቸው?

የሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ በ1962 እ.ኤ.አ. ሲከፈት፣ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር የያዘው ልጅ ይድናል ብሎ የሚደፍር ሐኪም እምብዛም አልነበረም። መድኃኒቱ በሽታውን ከደም ያጠፋል፤ ወላጅ እፎይ ሲል ግን ይመለሳል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያገረሸው ከአንጎል ሽፋን ነው። በደም የሚሰጠው መድኃኒት በበቂ መጠን እዚያ ስለማይደርስ የካንሰር ሴሎች ተሸሽገው ይተርፋሉ።

የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ዶክተር ዶናልድ ፒንከልና ባልደረቦቻቸው መሸሸጊያውን ለመምታት ቆረጡ። በደም ከሚሰጠው መድኃኒት (ከኬሞቴራፒው) በተጨማሪ የልጆቹን ጭንቅላት በጨረር አከሙ፤ ሜቶትሬክሴት የተባለውን መድኃኒት ደግሞ በጀርባቸው በኩል ወደ አከርካሪ ፈሳሽ በመርፌ ሰጡ። በ1960ዎቹ መጨረሻ እንዲህ ከታከሙት ግማሽ ያህሉ ዳኑ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም ነበር።

የዳኑት ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። ሂሳብ የከበዳቸው፣ የተነገራቸውን ቶሎ የሚረሱ፣ ከእኩዮቻቸው የሚዘገዩ ታዩ። ከትምህርት ገበታ ርቀው ስለቆዩ ነው ማለት ይቻል ነበር። በ1981 ግን ዶክተር አና ሜዶውስና ባልደረቦቻቸው፣ ጭንቅላታቸው በጨረር የታከመ ልጆች የአእምሮ ፈተና ውጤት እየወረደ መሄዱን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳወቁ። ጉዳቱ ገና በጨቅላነታቸው በታከሙት ላይ እንደሚብስም ጥናቶች አረጋገጡ።

ከአእምሮ ፈተናዎቹ በአንዱ ልጁ ለእያንዳንዱ ቁጥር የተሰጠውን ምልክት ከሥሩ በተወሰነ ደቂቃ ይጽፋል። የጻፈው ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ገና ጥቂት ረድፍ ላይ ነው። የተጎዳው ፍጥነቱ ነው። ለእኔ ከግኝቱ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ሲገሠጽ ያድጋል።

ሐኪሞቹ የጨረሩን መጠን መጀመሪያ ከ24 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ወደ 18 ቀነሱ። ሴንት ጁድ ከ2000 እስከ 2007 ባካሄደው ጥናት ደግሞ ጨረሩን ጨርሶ ተወው፤ ያም ሆኖ አምስት ዓመት በሕይወት የቆዩት ከመቶ 93 ደረሱ። ኬሞቴራፒው ብቻውን ግን በአንዳንዶቹ ላይ ትኩረትንና ሥራን በቅደም ተከተል ማቀድን እስከ ጉልምስና ድረስ ያውካል፤ ብዙዎቹ ደግሞ ተምረው፣ ሥራ ይዘው፣ ቤተሰብ መሥርተው ይኖራሉ።

ልጃችሁ ከሉኪሚያ የዳነላችሁ ወላጆች፣ የታከመበትን መንገድ ለመምህሩ ንገሩ። መምህራንም በፈተና ጊዜ ሰዓት ጨምሩለት።