የሳክስፎን አፍ በጽዳት ያልቃል እንዴ?

«አስተማሪዬ ‘ማውዝፒሱን በየቀኑ ካጠብከው ያልቃል’ ይለኛል፤ ፍቅረኛዬ ደግሞ ‘ይሸታል’ ትለኛለች። ማንን ልስማ?» አለኝ በየሠርጉ ሳክስፎን የሚነፋ አንድ ወጣት። እውነቱን ልንገራችሁ? ፍቅረኛውን ይስማ!

ሳክስፎን ለዓመታት ስለነፋሁ ይህቺ ወሬ ለእኔ አዲስ አይደለችም። አዶልፍ ሳክስ መሣሪያውን እ.ኤ.አ. በ1846 ፓሪስ ላይ ሲያስመዘግብ ማውዝፒሱ ከእንጨት ነበር የሚሠራው፤ ያኔ ውኃ መፍራት ያምርበት ነበር። የዛሬው ግን በአብዛኛው ኢቦናይት ነው፤ በድኝ የጠነከረ ጎማ ማለት ነው። ድምፁን የሚወስነው ሪዱ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ፊትና ያቺ ስስ ጫፉ ናቸው። ጫፏ በጣም ትንሽ እንኳ ከተፋቀች ድምፁ ሌላ ይሆናል፣ ያፏጫል። ስለዚህ በሽቦ ብሩሽ የሚፈትግ ሰው እውነትም ዕቃውን እየበላው ነው። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ለስላሳ ሳሙናና የገዛ ጣት ግን ጎማ አይበሉም። እጁን በመታጠብ ጥፍሩ ያለቀበት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በገመድ የሚጎተተውን ጨርቅ በማውዝፒሱ ውስጥ ማሳለፍ የሚፈሩ አሉ። እኔም ጨርቁን ለአንገቱና ለገላው እተወዋለሁ። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ብረት ያቺን ስስ ቦታ አንዴ ከሸረፋት አለቀ!

የፈላ ውኃማ ወዲያ! «ጀርም ይገድልልኛል» ብሎ ከማንቆርቆሪያው የሚያንቆረቁርበት አለ። ኢቦናይት ሙቀትና ፀሐይ አይወድም፤ ጥቁሩ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይለወጣል፣ የድኝ ሽታና መጥፎ ጣዕም ያመጣል፣ ቅርፁም ሊጣመም ይችላል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ጥሎ መሄድም ያው ነው። ከምራቅ የሚመጣ ነጭ ቅርፊት ከያዘው በውኃ በቀጠነ ኮምጣጤ ጥቂት ደቂቃ ነክራችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉትና አለቅልቁት። በቢላ መፋቅ የለም!

ማውዝፒስ የሚበላው ጥርስ ነው፣ ወገኖቼ። የላይኛው ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ ሲጎደጉድ ታዩታላችሁ፤ እዚያ ላይ የምትለጠፍ ስስ ጎማ አለችና እሷን ግዙ። አንዱን ማውዝፒስ ለሦስት የምትቀባበሉ ደግሞ ሳታጥቡ ከነፋችሁ ጉንፋኑንም ተቀባበላችሁት ማለት ነው።

ሽታው የሚመጣው እርጥቡን ሣጥን ውስጥ ከመቆለፍ ነው። ማታ ሥራ ስትጨርሱ ሪዱን አውልቁና ለብቻው አድርቁት፤ ማውዝፒሱንም አድርቃችሁ ክተቱት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።