ክፍል ሲናገር፦ የሙከራ ሙዚቃ አልበም እንዴት ይመዘናል?

አንድ የሙዚቃ አልበም ለአርባ አምስት ደቂቃ ያህል አድምጣችሁ ዘፋኝም፣ ክራርም፣ ጊታርም፣ ከበሮም ባታገኙበት ምን ትላላችሁ? በአልበሙ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰውየው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አጭር ንግግር ያነባል። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ያው ንግግር እንደገና ይመጣል፤ ደግሞም እንደገና። በየዙሩ ቃላቱ እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ቃል የሚባል ነገር ጠፍቶ የዋሽንትና የደወል ቅላጼ ያለው፣ ረጅምና ተወዛዋዥ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ይህን አልበም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በነበርኩበት ዘመን ነው። አብሮኝ ይኖር የነበረ ተማሪ አጫወተልኝ። እኔም አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የሂደቱን ቀመር ወረቀት ላይ ጻፍኩና «ይህማ የታወቀ ነገር ነው» ብዬ ተነሣሁ። ቀመሩ ትክክል ነበር፤ ፍርዴ ግን የተሳሳተ ነበር። ስሕተቱ የቱ ላይ እንደነበረ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ስሕተት መነሻ አድርጎ፣ ከተለመደው ሙዚቃ ውጭ የሆነ አልበም በምን ሚዛን ሊመዘን እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

«ሙከራ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

«የሙከራ ሙዚቃ» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ «ያልበሰለ» ወይም «ገና ያልተሳካ» ሙዚቃ ተደርጎ ይተረጎማል። ሆኖም አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ (1912–1992 እ.ኤ.አ.) በ1950ዎቹ ቃሉን ያብራራው ለሳይንስ ተማሪ እንግዳ ባልሆነ መንገድ ነው። በእርሱ አገላለጽ ሙከራ ማለት ውጤቱ አስቀድሞ ያልታወቀ ድርጊት ነው። ደራሲው እያንዳንዱን ኖታ አይወስንም፤ የሚወስነው የአሠራሩን ደንብ ነው። ከዚያ በኋላ ሂደቱ ወደሚመራበት ይሄዳል።

እንዲህ ያሉ ሥራዎች በትልልቅ አሳታሚዎች ዘንድ ገበያ ስለሌላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታተሙት በትንንሽ ድርጅቶች ነው። «አንደርግራውንድ» የሚል ስም የሚሰጣቸውም ከዚህ የተነሣ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተመሠረተው «ላቭሊ ሚዩዚክ» ከእነዚህ ድርጅቶች አንዱ ሲሆን፣ ከላይ የተጠቀሰውን አልበም በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመውም እርሱ ነው።

ሥራውና ሠሪው

የሥራው ርእስ «አይ አም ሲቲንግ ኢን ኤ ሩም» ይባላል፤ «ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ» ማለት ነው። ደራሲው አሜሪካዊው አልቪን ሉሲየር (1931–2021 እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ሥራውን የፈጠረው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በማርች 1970 በኒው ዮርክ ጉገንሃይም ሙዚየም ለሕዝብ ቀረበ። በ1981ዱ አልበም ላይ ያለው ቅጂ ደግሞ በ1980 እ.ኤ.አ. በኮኔቲከት ግዛት፣ በሚድልታውን ከተማ፣ በደራሲው መኖሪያ ቤት የተቀረጸ ነው።

የሐሳቡ ምንጭ የምሕንድስና ቤተ ሙከራ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው አማር ቦዝ የሚሠራቸውን ድምፅ ማጉያዎች ለመፈተን፣ ከማጉያው የወጣውን ድምፅ ቀርጾ መልሶ በዚያው ማጉያ ያጫውት እንደነበር ሉሲየር ከአንድ ባልደረባው ሰማ። ለመሐንዲሱ ይህ የዕቃን ጉድለት ማሳያ ዘዴ ነበር። ሉሲየር ግን ዘዴውን ወስዶ ጥያቄውን ለወጠው፤ «ዕቃው ምን ያህል ታማኝ ነው?» በማለት ፈንታ «ክፍሉ ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ንግግሩን በቴፕ ይቀርጻል። የተቀረጸውን በዚያው ክፍል በድምፅ ማጉያ ያጫውትና በሌላ ቴፕ ይቀርጸዋል። ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ እንዲሁ ያደርጋል፤ ከዚያም ሦስተኛውን። በ1981ዱ አልበም ላይ እንዲህ የተወለዱ 32 ትውልዶች በተርታ ይሰማሉ።

ፊዚክሱ

በግድግዳዎች መካከል የሚመላለስ የድምፅ ሞገድ ግማሽ የሞገድ ርዝመቱ በክፍሉ ርዝመት ውስጥ በሙሉ ቁጥር ሲገባ ቋሚ ሞገድ ይፈጥራል፤ ክፍሉም ያንን ፍሪኩዌንሲ ከሌሎቹ አብልጦ ያጎላዋል። ይህም ሬዞናንስ ይባላል። ለምሳሌ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። የድምፅ ፍጥነት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ የክፍሉ ፍሪኩዌንሲዎች በርዝመቱ 34.3፣ በወርዱ 42.9፣ በቁመቱ 57.2 ኸርዝ ይሆናሉ። ከእነዚህ በላይ ብዜቶቻቸውና ጥምሮቻቸው አሉ፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥርም እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ሁሉም ግን እኩል ብርታት የላቸውም። ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ የቤት ዕቃውና የማይክሮፎኑ ቦታ አንዱን ያበረታሉ፤ ሌላውን ያዳክማሉ።

በመጀመሪያው ዙር ይህ ልዩነት በጆሮ እምብዛም አይታወቅም። ምስጢሩ ያለው በመደጋገሙ ላይ ነው። አንድ ፍሪኩዌንሲ በየዙሩ ሳይቀንስ ያልፋል እንበል። ሌላው ግን በየዙሩ 0.8 እጁ ብቻ ይቀራል። ከ10 ዙር በኋላ የሁለተኛው መጠን 0.8 በራሱ አሥር ጊዜ የተባዛ፣ ማለትም 0.107 ያህል ይሆናል። ከ30 ዙር በኋላ ደግሞ 0.0012 ብቻ ይቀራል፤ ከስምንት መቶ አንድ እጅ እንደ ማለት ነው። ትንሽ ልዩነት ሲደጋገም ገደል ይሆናል። ዘርን በየዓመቱ መርጦ የሚዘራ ገበሬ ከጊዜ በኋላ ማሳውን እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ክፍሉም በየዙሩ እየመረጠ ንግግሩን ይለውጠዋል።

ቀድመው የሚጠፉት አጫጭሮቹ ድምፆች ናቸው። እንደ «ት»፣ «ክ» እና «ስ» ያሉ ተነባቢዎች በቅጽበት የሚያልፉ ስለሆኑ በክፍሉ ነጸብራቅ ይሸፈናሉ። አናባቢዎች ረዘም ስለሚሉ ዘግይተው ይሟሟሉ። በመጨረሻ የሚቀረው ከፍና ዝቅ የሚል የዜማ ጅረት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ክፍሉ ከምንም ተነሥቶ ድምፅ አይፈጥርም፤ ከተሰጠው ይመርጣል እንጂ። ከላይ ያየነው የ34.3 ኸርዝ ሬዞናንስ፣ መሠረታዊ ፍሪኩዌንሲው ብዙውን ጊዜ ከ100 ኸርዝ አካባቢ በሚጀምር የወንድ ድምፅ አይቀሰቀስም። ስለዚህ በመጨረሻ የምንሰማው የክፍሉ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሰውየውና ክፍሉ የተገናኙበት ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

እንግዲህ የዚህን ዓይነት አልበም የሚመዝን ሐያሲ ምን ይጠይቅ? «ዜማው ያምራል ወይ?» ብሎ ቢጀምር መልስ አያገኝም። በእኔ አስተያየት የሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች ይጠቅማሉ።

የመጀመሪያው «አሠራሩ ምንድን ነው? በእርግጥስ ተፈጽሟል ወይ?» የሚል ነው። በዚህ ረገድ የሉሲየር አልበም እጅግ ሐቀኛ ነው። የሚነበበው ንግግር ራሱ የሚደረገውን ነገር ስለሚያስረዳ፣ አድማጩ አሠራሩን ለማወቅ ሌላ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ አንድ ነቀፌታ ማቅረብ ይቻላል። የምንሰማው የክፍሉን ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ማይክሮፎኑ፣ ቴፑና ማጉያውም የየራሳቸውን ምርጫ ያደርጋሉ። የድምፁን መጠን የሚያስተካክለውም ሆነ «እዚህ ላይ ይበቃል» የሚለው ሰው ነው። ሥራው ንጹሕ የተፈጥሮ ድምፅ ነው ብሎ የሚያወድስ ሐያሲ እነዚህን ዘንግቷል።

ሁለተኛው «ውጤቱ ከአሠራሩ ገለጻ በላይ ምን ጨመረ?» የሚል ነው። የእኔ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀመሬ የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚተርፍ ይናገራል፤ ንግግር ሙዚቃ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። ያ ወሰን ያለው በቴፑ ላይ ሳይሆን በአድማጩ ውስጥ ነው። ንግግሩን ከመጀመሪያው የተከታተለ ሰው ቃላቱን በቃሉ ስለያዘ፣ ድምፁ ከደበዘዘ በኋላም መስማቱን ይቀጥላል። በመካከል የገባ ሰው ግን አንድም ቃል አይለይም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት የአየር ግፊት በጆሯቸው ይደርሳቸዋል፤ የሚሰሙት ግን የተለያየ ነው። ትውስታ መስማትን ምን ያህል እንደሚሸከም ይህን ያህል በግልጽ ያሳየኝ ሌላ ነገር አላጋጠመኝም፤ ይህንንም ያወቅሁት አሥር ደቂቃ ላይ ተነሥቼ መሄዴን ትቼ እስከ መጨረሻው የተቀመጥሁ ዕለት ነው።

ሦስተኛው «በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው ሰው ማን ነው?» የሚል ነው። ሉሲየር መንተባተብ ነበረበት፤ በቅጂው መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይሰማል። በንግግሩ መዝጊያም ሥራውን የሚያየው እንደ ፊዚክስ ማሳያ ሳይሆን ይልቁንም የአነጋገሩን እንከን ማለስለሻ አድርጎ እንደሆነ ይገልጻል። ይህ ከታወቀ በኋላ አልበሙ ሌላ ነገር ይሆናል። ሰውየው የሚያስቸግረውን ድምፅ ለክፍሉ ሰጠ፤ ክፍሉም እንከኑን ከነቃሉ አለሰለሰው። ይህ ድል ነው ወይስ መጥፋት? አልበሙ አይመልስም። እኔ ወረቀት ላይ በጻፍኩት ቀመር ውስጥ ግን ይህ ሰው ጨርሶ አልነበረም።

ሚዛኑ ሲፈተን

አንድ መለኪያ የሚታመነው በሌላ ዕቃ ላይም ሲሠራ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ጥያቄዎች ከአገራችን ጋር ግንኙነት ባለው በሌላ ሙዚቀኛ ሥራ ላይ እንሞክራቸው።

ሃሊም ኤል-ዳብ (1921–2017 እ.ኤ.አ.) በግብፅ የተወለደ ሲሆን በካይሮ የግብርና ምሕንድስና ተምሯል። በ1944 እ.ኤ.አ. ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በማግኔት የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሶ የሴቶች የዛር ሥርዓት ቀረጸ። ከዚያም በሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ ውስጥ የገደል ማሚቶውን እያበዛና እያሳነሰ፣ መሠረታዊውን ድምፅ እያስወገደ፣ በላዩ ያሉትን ንዑሳን ድምፆች ብቻ አስቀረ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በ1948 እ.ኤ.አ. ካቀረባቸው የታወቁ ሥራዎች በአራት ዓመት ይቀድማል። የዚህ ሥራ ቅንጫቢ «ክሮሲንግ ኢንቱ ዘ ኤሌክትሪክ ማግኔቲክ» በተባለው የ2000 እ.ኤ.አ. አልበም ውስጥ ይገኛል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ እንደ ሉሲየር ሥራ ራሱን አያስረዳም፤ አድማጩ ታሪኩን ከሌላ ቦታ ማወቅ አለበት። ውጤቱን በተመለከተ ግን አስደናቂ ነው። ጆሯችን መሠረታዊው ፍሪኩዌንሲ ቢወገድ እንኳ ከንዑሳኑ ተነሥቶ ሊገምተው ይችላል። የቀድሞው የስልክ መስመር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን እየቆረጠ የወንድን ድምፅ ቅላጼ የምንለየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ከሩቅ፣ ከግድግዳ ወዲያ የሚዘምሩ ይመስላል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን እዚህ ላይ ይከብዳል። ሉሲየር ያጠፋው የራሱን ድምፅ ነው፤ እዚህ የተለወጠው የሌሎች ሰዎች፣ ያውም በሥርዓተ አምልኮ ላይ ያሉ ሴቶች ድምፅ ነው። ሐያሲው ሥራውን እያደነቀም ይህን ማንሣት ይኖርበታል።

ኤል-ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በ1963 እ.ኤ.አ. የተለያዩ ብሔረሰቦችን ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ ላይ ያሰለፈውን «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን ያቋቋመውም እርሱ ነው። በድምፅ ቤተ ሙከራ ታሪክ ውስጥ ቀዳሚ ከሆኑት ሰዎች አንዱ በዚህች ከተማ መምህር እንደነበረ ብዙ ተማሪዎቻችን አያውቁም።

ራሳችሁ ሞክሩት

የሉሲየር ሥራ ትልቁ ስጦታ ማንም ሊደግመው መቻሉ ነው። ሁለት የእጅ ስልክና አንድ ድምፅ ማጉያ ይበቃሉ። ባዶ የመማሪያ ክፍል ምረጡ። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ንግግር ቅረጹ፤ በክፍሉ ውስጥ አጫውታችሁ በሁለተኛው ስልክ ቅረጹ፤ እያፈራረቃችሁ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ቀጥሉ። የስልኩ የጫጫታ መቀነሻ ክፍት ከሆነ የምትፈልጉትን ዘላቂ ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊያጠፋባችሁ ስለሚችል ዝጉት። ከዚያም ሙከራውን ምንጣፍና መጋረጃ ባለበት ክፍል ድገሙና ውጤቱን አወዳድሩ። በቤተ ሙከራ ትምህርታችን የተደገመ ሙከራ ያንኑ ውጤት እንዲሰጠን እንፈልጋለን። እዚህ ግን የሚደገመው አሠራሩ ነው፤ ውጤቱ እንደየክፍሉ ይለያያል፤ መለያየቱም ጉድለት ሳይሆን መልስ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት የክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ለክታችሁ የሚጠበቁትን ፍሪኩዌንሲዎች አስሉ። ይህን ሳትሠሩ ብታደምጡ የምትሰሙትን አታውቁትም። ነገር ግን ስሌቱ ከተጠናቀቀ በኋላ እንደ እኔ «ይህማ የታወቀ ነገር ነው» ብላችሁ አትነሡ። ተቀምጣችሁ እስከ መጨረሻው አድምጡ።