ቤተ መጻሕፍቱን ማን ይከራከርለት? ጉለሌን እንደ ምሳሌ

አድቮኬሲ የሚለውን ቃል አንዳንዶቻችን ቅስቀሳ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ ውትወታ እያልን እንተረጉመዋለን። ለእኔ ሁለተኛው ይሻላል። ቅስቀሳ የአንድ ሰሞን ነገር ነው፤ ባነር ይሰቀላል፣ መጽሐፍ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ዝም። ውትወታ ግን የሚመለከተው አካል እስኪወስን ድረስ መመላለስን ይጠይቃል። በዚህች አጭር ጽሑፍ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአካባቢውን ነዋሪ ድጋፍ እንዴት ሊያገኝ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

መጽሐፍ ማሰባሰብ ያን ያህል አይከብድም። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. 4 ኪሎ ላይ ሲከፈት ከሕዝቡ መጻሕፍት ተሰብስበውለታል። ወረዳ ላይ የሚያስቸግረው ደመወዝ፣ መብራትና በተለይም የመክፈቻ ሰዓት ነው። እስቲ ሽሮ ሜዳን እናስብ። የሸማኔ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቀሰም ላይ ክር እያጠነጠነ ቤተሰቡን ያግዛል። የማንበቢያ ጊዜ ካገኘ ማታና ቅዳሜ ነው። በቢሮ ሰዓት ተከፍቶ 11 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ቤት ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል። ልጁ ካልገባበት አባትየው አያውቀውም፤ ነገ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ሲፈለግ ታዲያ «ተዉት» የሚል ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ የአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሥራ ያስተምረናል። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ይሠሩ የነበሩት አቶ ዮሐንስ፣ በ1995 ዓ.ም. ሾላ አካባቢ በሚኖሩበት ቤት ምድር ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ልጆቹ ሲበዙ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። በ2001 ዓ.ም. ሲ.ኤን.ኤን. ከዓመቱ 10 ጀግኖች አንዱ አላቸው። እኔ የምወስደው ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ በሩ ተከፈተ፣ ልጆቹ መጡ፣ ከዚያ ድጋፉ ሰፋ። ሆኖም መጽሐፉም ገንዘቡም በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጣ ነበር። የወረዳ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ዘመድ ስለሌለው ደጋፊውን እዚያው ሰፈር መፈለግ አለበት።

ሰፈር ውስጥ ደግሞ እድር አለ። እድር ለቀብር ብቻ ነው የሚል ካለ አንድ ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ይገኝና ይይ፤ ውኃውም መንገዱም የሚነሳው እዚያ ነው። ስለዚህ ባለሙያው የተጠቃሚዎችን መዝገብ በየቀኑ ይያዝ፤ ሰው መጥቶ ዝግ ሆኖ የተመለሰበትን ሰዓትም ጭምር ይጻፍ። ከዚያ ዳኛውን አስፈቅዶ ስብሰባው ላይ ያቅርበው። ጥያቄውም «ንባብን እንደግፍ» የሚል ጥቅል ነገር አይሁን፤ ይህን ሁሉም አጨብጭቦ ይለያያል። «አንድ ሠራተኛ ይጨመር፣ ማታ 2 ሰዓትና ቅዳሜ ይከፈት» ከተባለ ግን ለወረዳው ምክር ቤት የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ምን እንደሚሰፍር ይታወቃል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር ደብዳቤው ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ ማለትም ከወራት በፊት መግባት አለበት። ሰኔ ማለቂያ ላይ መሯሯጥ ያው ለከርሞ ተባብሎ መለያየት ነው።

ምክር ቤት ፊት የሚናገረውም የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ባይሆን ይመረጣል፤ ለደመወዙ የሚከራከር ይመስልበታል። እናት ወይም ሸማኔ አባት ይናገር፤ እሱ መዝገቡን ይዞ አጠገባቸው ይቀመጥ።