ነጩ ጠመኔ ይቆይ

ሥዕል መማር ያማረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ ገብቶ ብዙ ቀለም ያለበትን ካርቶን ያነሣል። ብርሃንና ጥላን ለመማር ግን ሦስት ጠመኔ ይበቃዋል፦ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ። ፈረንሳዮች ስልቱን «ትሯ ክሬዮን» ይሉታል።

የጥንቶቹ ጠመኔዎች ከመሬት የተቆፈሩ ናቸው። ቀዩ የብረት ማዕድን ያቀላው ሸክላ አፈር ነው፤ ጥቁሩ ካርቦን የበዛበት ለስላሳ ድንጋይ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ለ«የመጨረሻው እራት» የአንዳንድ ሐዋርያትን ራስ ያጠናው በቀይ ጠመኔ ነበር። ሩበንስም ሦስቱን አዋህዷል። የእኔ ሰው ግን አንቷን ቫቶ (1684–1721) ነው። በጥራዝ ደብተር እየሣለ ያኖራል፤ በኋላ የቀለም ሥዕል ሲጀምር ከዚያው የሚስማማውን ሰው ይመርጣል። በቀዩ ከንፈርና ጉንጭ ያሞቃል፣ በጥቁሩ ፀጉርና የዓይን ብሌን ያጠልቃል፣ በነጩ ግንባርን ነካ አድርጎ ይተዋል።

ይህችን «ነካ አድርጎ መተው» ነው ሰው የማይረዳት። ነጭ ጠመኔ ነጭ ዕቃ ለመቀባት የመጣ ይመስለዋል። አንድ ወዳጄ እናቱን ነጠላ እንደለበሱ ሲሥል ነጠላውን ዳር እስከ ዳር አነጣው። የመስኮቱ ብርሃን ያረፈበት ትከሻ ላይ ሲደርስ ከዚያ የበለጠ ነጭ ከየት ይምጣ? የዳቦ ልብ አድቦልቡሎ እየነካካ እንዲያነሣው ነገርኩት። ወረቀቱ ሲገለጥ እጥፋቱን በጥቁር አሳስቶ አወጣ፤ ነጩን ትከሻው ላይ ብቻ አሳረፈ። ነጠላው ያኔ ነጣ።

ምስጢሩ ወረቀቱ ነው። ቡናማ፣ ግራጫ ወይም ሰማያዊ የሆነው መካከለኛውን ብርሃን ራሱ ስለሚይዝ ሠዓሊው ከመሃል ይነሣል፤ በጥቁሩ ይወርዳል፣ በነጩ ይወጣል። በነጭ ወረቀት ላይ ነጩ ጠመኔ ሥራ ፈት ነው። ደግሞ እባካችሁ ነጩን በጥቁሩ ላይ አትደርቡ፤ አመድ የመሰለ ቀዝቃዛ ግራጫ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ባዶ ወረቀት ይቅር። በጣት ማሸቱንም ተዉት፤ የጠመኔውን መስመር ይገድላል።

ለመጀመር ካኪ ወረቀት ይበቃል። የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ግን አይሆንም፤ ይረግፋል። ፊቱ በቀይና በጥቁር ብቻ ቆሞ እስኪታይ ድረስ ነጩን አታንሡ። ካነሣችሁም በኋላ ሦስት አራት ቦታ ነክታችሁ መልሱት፤ አምስተኛውን ስትፈልጉ ጥላው ስላልጠለቀ ነውና ወደ ጥቁሩ ተመለሱ።