ወረታን የከበቡ ውሃዎች፦ ርብ፣ ጉማራና የፎገራ ረግረግ

ወረታ በሁለት ወንዞች መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከከተማዋ በስተደቡብ የጉማራ፣ በስተሰሜን ደግሞ የርብ ድልድይ ይገኛል። ሁለቱም ወንዞች ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ተነሥተው የደቡብ ጎንደርን ደጋና ወይና ደጋ አቋርጠው ወደ ፎገራ ሜዳ ከወረዱ በኋላ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር በአንድነት ሲታዩ እነዚህ ወንዞች በወንዝ በኩል ወደ ጣና ከሚገባው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ያቀርባሉ። ስለዚህ በወረታ ዙሪያ በወንዝ ላይ የሚደረግ ማናቸውም ነገር፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ከሐይቁ ደርሶ ይታያል።

ወንዝ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በሁለት ዳርቻዎች መካከል የሚፈሰው ውሃ ብቻ ነው። የሜዳ ወንዝ ግን ክረምት ሲሞላ የሚተኛበትን መሬት፣ ማለትም የጎርፍ ሜዳውን፣ ጨምሮ ካልታየ ጠባዩ አይታወቅም። የፎገራ ሜዳ እጅግ ዝርግ በመሆኑ ከጉና በፍጥነት የሚወርደው ውሃ እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክምና የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። በዚያው ወቅት የጣና ውሃ ከፍ እያለ ሄዶ በመስከረም ገደማ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ስለሚደርስ፣ የወንዞቹ አፍ ከሞላ ሐይቅ ጋር ይጋጠምና ውሃው ወደኋላ ተመልሶ በሜዳው ላይ ይንጣለላል። ለዘመናት የፎገራን መሬት ያለመለመው፣ ከብቱን በሣር ያጠገበውና ውሃው ሲሸሽ በሚቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ያበቀለው ይኸው መንጣለል ነው።

የእነዚህ ወንዞች ታላቁ ሀብት ግን ከውሃው በታች ያለው ነው፤ ከድልድይ ላይ ቆሞ ለሚመለከት ሰው ስለማይታይም ብዙ አይነገርለትም። በጣና ሐይቅ የአካባቢው ዓሣ አስጋሪ ነጭ ዓሣ የሚላቸው፣ በሳይንሳዊ መጠሪያቸው ላቤዮባርበስ የተባሉ ከ15 የማያንሱ የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህም አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ከመካከላቸው በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብና በሌሎች ገባሮች ሽቅብ ይዋኛሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጥሩ ውሃና በጠጠር በተነጠፈ ፈጣን ጅረት ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም እንቁላሉ አየር ያለበት ንጹሕ ውሃ በጠጠሩ መካከል ካላለፈለት ታፍኖ ይሞታል። ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ሌሎች የሐይቁ ዓሦች በዚህ ጠባይ አይመስሏቸውም፤ አምባዛ እንዲያውም በጎርፍ የተሸፈነውን የሜዳ ሣር ፈልጎ ይረባል። አንዱ ዓሣ የላይኛውን ጠጠራማ ጅረት፣ ሌላው የታችኛውን ረግረግ የሚፈልግ በመሆኑ የወንዙ አንድ ክፍል ብቻ ተመርጦ ቢጠበቅ ጥቅሙ ጎዶሎ ይሆናል።

ነጭ ዓሣ በአንድ ወቅትና በአንድ መንገድ ተሰብስቦ መጓዙ ለአጥማጅ እጅ በቀላሉ አሳልፎ ይሰጠዋል። በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋ መረብ እንቁላል የተሸከመችውን እናት ስለሚይዝ የሚጠፋው የዕለቱ ዓሣ ብቻ ሳይሆን የሚመጡት ዓመታት ዓሣም ነው። በላይኛው ተፋሰስ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመጨመር ዓሣን አደንዝዞ መልቀም የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ትልቁንም ጫጩቱንም ሳይለይ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተካሄዱ ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ቁጥር በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱ ታይቷል። ይህ አኃዝ ጣናን የሚወድ ሰው ሁሉ ሊያስደነግጠው የሚገባ ነው።

በርብ ታችኛው ክፍል አካባቢ የሚገኙት ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎችም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል። ረግረግ ዓመቱን ሙሉ ወይም ከፊሉን በውሃ የተሸፈነ፣ ደለልን የሚያጣራና ጎርፍን ለጊዜው የሚያቆይ መሬት ነው። ዘውድ የመሰለ ወርቃማ ላባ በራሱ ላይ ያለው ባለዘውድ ክሬን የተባለው ወፍ በሁለቱ ረግረጎች ይኖራል፤ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ክሬኖችም በጋውን በዚሁ ያሳልፋሉ። ሁለቱ ረግረጎች ባለፉት አሥርት ዓመታት እየተጠነፈፉና በሞተር እየተሳቡ ወደ እርሻ በመለወጣቸው እጅግ ጠብበዋል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። በደርግ ዘመን በአካባቢው የተጀመረው የሩዝ እርሻ ውሃ የሚተኛበትን፣ ቀድሞ ከግጦሽና በእርጥበት ከሚበቅል ጥራጥሬ በቀር ብዙም የማይጠቀሙበትን መሬት ወደ ሀብት ለውጦታል። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ በየጓዳው ገብቷል፤ ወረታም የሩዝ መፈልፈያዎችና የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ሆናለች። ይሁን እንጂ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የግጦሽ መሬቱን ያጣው በዚሁ ሂደት ነው፤ ሩዙ ራሱም የሚኖረው ወንዙ እስከኖረ ድረስ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ወረዳዎች ካጥለቀለቁ በኋላ ስለ ጎርፍ መከላከል ብዙ ታስቧል። የአፈር ክትር ዳርቻ ላይ መሥራት አስቸኳይ መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም በክትር የታጠረ ወንዝ ደለሉን በሜዳው ላይ መበተን ስለማይችል በራሱ ወለል ላይ ይከምረዋል፤ ወለሉም ከፍ ባለ መጠን ክትሩ እንደገና መነሣት ይኖርበታል። የኔዘርላንድ ሕዝብ ለዘመናት ግድግዳ ሲያነሣ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቤቱ ለማስወጣት ከተገደደ በኋላ፣ ከ30 በላይ በሆኑ ቦታዎች ክትሮችን ወደኋላ በመሳብና ዳርቻውን ዝቅ በማድረግ ለወንዞቹ መተኛ ቦታ መልሶላቸዋል። ፎገራ ይህን ትምህርት ያን ያህል ዋጋ ሳይከፍል ሊወስደው ይችላል፤ የሸሸርና የወላላ ቅሪትም የዚህ መነሻ ሊሆን ይገባዋል።

ከ70 ሜትር በላይ ቁመት ያለውና 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዘው የርብ ግድብ ጎርፉን በከፊል ይገታል፤ ለበጋ መስኖም ተስፋ ነው። በአንጻሩ ሽቅብ የሚሄደውን ዓሣ መንገድ ይዘጋል፤ ደለሉንም በላይ ያስቀራል። ስለዚህ ከግድቡ በታች በበጋ የማይቋረጥ ውሃ መልቀቅ የግድ ነው፤ ያልተገደቡት የጉማራ ገባሮች፣ የዋንዛዬን ፍልውሃ አካባቢ ጨምሮ፣ ለነጭ ዓሣ መራቢያነት የሚኖራቸው ዋጋም ከቀድሞው ይበልጣል። በጉማራ ላይ ጠጠርና አሸዋ የሚጫንበትና የሽንኩርት መስኖ ሞተር የሚተከልበት ቦታ ሳይመረጥ ሲቀር፣ በርብ የጠፋው መራቢያ በጉማራም ይደገማል።

ለጥበቃው የሚሆን ሕግ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የባዮስፌር ክልል ማለት በጥብቅ የሚጠበቅ ማዕከላዊ ቦታ፣ በጥንቃቄ የሚለማ አዋሳኝ ዞንና ሰው እንደ ልማዱ የሚኖርበት የሽግግር ዞን ያሉት ማለት ነው። የጎደለው ወንዙን በቅርብ የሚያውቅና የሚከታተል ሰው ነው። የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ከድልድዮቹ ሥር የውሃውን ከፍታና ጥራት በየወሩ ቢመዘግቡ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወፎችን ቢቆጥሩ፣ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በዳርቻው ሲታይ ገና ሳይስፋፋ ቢያስታውቁ፣ ዛሬ በጥናት ወረቀት ብቻ ያለው እውቀት የአገሬው ይሆናል። የከተማው አስተዳደርም የመፈልፈያዎቹን ገለፈትና የቤት ቆሻሻን ወደ ቦይ ከመግባት ሊከለክል፣ በወንዞቹ ዳርቻም የማይታረስ የዛፍና የሣር መደዳ ሊያስከብር ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። አንዱ ግን ከመጪው ክረምት ጀምሮ ሊፈጸም የሚችል ነው፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከጉማራና ከርብ አፍ ላይ መረብ ይነሣ፤ በእነዚህ ወራት እንቁላል የተሸከመ ነጭ ዓሣ በወረታ ገበያ የሚሸጥም የሚገዛም አይኑር።